ከማጉላት በፊት፦ ብርሃን፣ ጣትና ኦክሲሜትር



ንግግሬን የምጀምረው ከ85 ቁጥር ነው። ከዓመታት በፊት ወደ አንድ የሕፃናት ክፍል ለጥገና ተጠርቼ ሄድሁ። እግሩ ላይ የኦክሲሜትር ሰንሰር የታሰረ ሕፃን ነበር። «ኢንጂነር፣ ይኼ ማሽን 85 ላይ ተቸክሎ ቀረ። ልጁ ግን ከንፈሩም ምላሱም ቀይ ነው፤ ጡትም ደህና ይጠባል» አለችኝ ነርሷ። ሰንሰሩን በሌላ ቀየርሁት፤ ያው 85። አልጋው መስኮት ሥር ነው፤ ሕፃኑ እግሩን ያወናጭፋል፤ የጠዋት ፀሐይ እግሩ ላይ አርፋለች። እናቱ ነጠላዋን አጥፋ እግሩን ሸፈነችለት። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ 94 ገባ፤ የልብ ምቱም ሲስተር በማዳመጫዋ ከቆጠረችው ጋር ገጠመ። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። የሚሰማውን እያጎላ ነበር፤ የሚሰማው ግን ፀሐይዋንና የእግሩን መወናጨፍ ነበር።

ለምን 85? ለምን 40 ወይም 99 አልሆነም?

ኦክሲሜትር ሁለት ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፦ አብዛኛውን ጊዜ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይና 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክሲጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን ቀዩን አብዝቶ ይውጣል፤ ኦክሲጅን የያዘው ያሳልፈዋል። ከጣቱ ወዲያ ያለው ፎቶዳዮድ የሚቀበለው ብርሃን ግን አብዛኛው ስለ ደም ወሳጅ ሥር ምንም አይነግረንም፤ በቆዳ፣ በሥጋና በአጥንት አልፎ የመጣ፣ የማይነቃነቅ ብርሃን ነው። ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለው 1 ወይም 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እጁ በበረደው ወይም ብዙ ደም በፈሰሰው ሰው ላይ ከዚያም ያንሳል።

ይህችን ትንሽ ትርታ ለሥራ ያበቃት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒሆን ኮደን ኩባንያ ሲሠራ ይፈልግ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ደም ሥር በተሰጠ ቀለም ልብ የሚረጨውን የደም መጠን መለካት። ጆሮ ላይ የሚያስረው መሣሪያ ትርታውን ጨምሮ እየጻፈ ግራፉን አመሰበት። ትርታውን ለማጥፋት ቀዩን ከኢንፍራሬዱ ጋር ሲያመዛዝን፣ የደሙ ኦክሲጅን በቀነሰ ጊዜ ሚዛኑ እንደሚዛባ አስተዋለ። ሊያጠፋው የደከመበት ትርታ የኦክሲጅኑን መጠን ይነግረው ኖሯል። አኦያጊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ በ84 ዓመቱ ነው፤ ዓለም በኮቪድ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የእርሱን መሣሪያ በሚፈልግበት ሰሞን።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የቀዩ ትርታ ለቀዩ ቋሚ ብርሃን፣ የኢንፍራሬዱ ትርታ ለኢንፍራሬዱ ቋሚ ብርሃን ይካፈላል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ለሁለተኛው። ውጤቱ 0.4 አካባቢ ሲሆን ንባቡ ወደ 100 ይጠጋል፤ 1 ሲሆን 85 አካባቢ ይሆናል። የእግር መወናጨፍ ሁለቱንም ብርሃን እኩል ሲያናውጥ ውጤቱ ወደ 1 ይሳባል። ስለዚህ 85 ላይ የተቸከለ ኦክሲሜትር ሕመምተኛውን መስማት ተስኖት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ሐሳባችን «ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ማጉያውን ጨምር» የሚል ነው። በክረምት፣ ዝናብ በሚደበድበው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሰው ለመስማት ድምፅ ማጉያውን ብትጨምሩ ዝናቡም አብሮ ይጮኻል። መፍትሔው ማይኩን ወደ አፉ ማቅረብ ነው። በሰንሰር ቋንቋ ይህ ማለት በመጀመሪያ የኤልኢዲውን፣ ማለትም የብርሃን ምንጩን፣ ብርሃን መጨመር ነው፤ ባትሪው በፈቀደው መጠን፣ ቆዳውን ሳያሞቅ።

በቁጥር እንየው። ፎቶዳዮዱ 1 ማይክሮአምፔር ቢያመነጭ፣ የመጀመሪያው ማጉያ በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ወደ 1 ቮልት ይለውጠዋል። ትርታው 1 በመቶ ከሆነ 10 ሚሊቮልት ነው፤ በቀዘቀዘ ጣት ላይ 1 ሚሊቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጎላውን ሲግናል የሚቀበለው ክፍል እስከ 2 ቮልት የሚችል ከሆነ፣ ሁሉንም በ3 ስናጎላው ቋሚው ብርሃን 3 ቮልት ሊሆን ይሞክርና ጣሪያውን ይመታል፤ ትርታው በሙሉ ይቆረጣል። እኔን እጅግ የሚያስፈራኝ ግን የሞገዱ ጫፍ ብቻ ሲቆረጥ ነው። ጣሪያውን የመታው ቀዩ ብቻ ቢሆን የቀዩ ትርታ ያነሰ ይመስላል፤ ውጤቱ ይወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ኦክሲጅን ግን ከፍ ይላል። የሚታፈን ሰው ደህና ነው ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ ሁለቱም ኤልኢዲዎች ጠፍተው ባሉበት ቅጽበት የክፍሉ ብርሃን ይለካና ይቀነሳል፤ ቋሚው ብርሃን ይነሣል፤ የቀረው ትርታ ያኔ ይጎላል። በመጀመሪያው ማጉያ ላይ ሬዚስተሩ 4 እጥፍ ሲያድግ ሲግናሉ 4 እጥፍ ይሆናል፤ የሬዚስተሩ የራሱ የሙቀት ጫጫታ ግን 2 እጥፍ ብቻ ነው። ትርፉ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው መዘግየት ነው፤ ኤልኢዲው ለአጭር ቅጽበት በርቶ ሲጠፋ ቀርፋፋ ማጉያ ሳይደርስበት ይቀራል። የማጉያው መጠን በምት መሐል መለወጥም የለበትም። ለውጡ ራሱ ትርታ መስሎ ይቆጠራልና።

አሁን ወደሚመለከተን ጉዳይ ልግባ። ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፤ ቀዩን ከኢንፍራሬዱ ይልቅ አብዝቶ ይውጠዋል። በስሌቱ መሠረት ሜላኒን ስለማይንቀሳቀስ ሲካፈል መሰረዝ ነበረበት። በተግባር ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው ሕሙማን መካከል፣ ለጥቁሮቹ ከተደረጉት የደም ወሳጅ ምርመራዎች 11.7 በመቶው፣ ለነጮቹ ከተደረጉት ደግሞ 3.6 በመቶው ከ88 በታች ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የ2013 መመሪያ ለሙከራ የጠየቀው ቢያንስ 2 ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች፣ ወይም ከተፈታኞቹ 15 በመቶውን ነበር። ሁለት ሰው! ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። መሣሪያው የተስተካከለው በአብዛኛው በሌላ ሰው ጣት ነው፤ እንዲህ የተዛባን ንባብ ደግሞ የትኛውም ማጉያ አያቃናውም።

የእኛን ጤናማ ቁጥር ማወቅም በዚህ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለክተው አማካይ ኦክሲጅናቸው 95.3 በመቶ መሆኑን ጽፈዋል፤ ለዚያ ከፍታ የሚያስደንቅ ነው። እንዲህ ያለ ግኝት ላይ ሁለትና ሦስት በመቶ የሚያሳስት መሣሪያ ምን ያህል ነገር እንደሚያዛባ አስቡት።

የሆስፒታል ግዢ ኮሚቴ አባላትም እዚህ አላችሁ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «በስንት ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ተፈተነ? ሲግናሉ ሲደክም ቁጥሩን ይደብቃል ወይስ ይገምታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ የማይመልስ ሻጭ መሣሪያውን ይዞ ይመለስ።

ተማሪዎቼ፣ ነገ ላቦራቶሪ ስትገቡ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍናችሁ ሞገዱን ብቻ ተመልከቱ። መጀመሪያ በሞቀ ጣት፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃ በቆየ ጣት፣ ቀጥሎ እንሶስላ በሞቀ ጣት። በየተራው ማጉያው ስንት ላይ እንደቆመ ጻፉ። ከዚያ መጋረጃውን ክፈቱና ፀሐይዋን አስገቡ።