ጥቁር የተቀባችው ኤፍ-5

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ወጉ እየተንሸራተተ ደብረ ዘይትና ኦጋዴን ቢደርስ ግን ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የአውሮፕላኗ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በፈረንጆቹ 1986 መሆኑ ነው፣ «ቶፕ ጋን» የሚባል ፊልም ወጣ። ያላየው ሰው እንኳ ምስሉን ያውቀዋል፦ ቶም ክሩዝ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ በሞተር ሳይክል ከሚነሣ ጄት ጋር ሲሽቀዳደም። በፊልሙ ማብቂያ እነ ቶም ክሩዝ «ሚግ-28» ከሚባል የጠላት አውሮፕላን ጋር ይገጥማሉ። ሚግ-28 የሚባል አውሮፕላን በዓለም ላይ የለም። ፊልም ሠሪዎቹ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? አሜሪካ ሠራሿን ኤፍ-5 ጥቁር ቀለም ቀቡና ጅራቷ ላይ ቀይ ኮከብ ለጠፉባት። በቃ፣ ጠላት ሆነች።

ምርጫው ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ፊልሙ ስሙን የወሰደበት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአብራሪዎች ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሚራማር ላይ የተከፈተው ማለቴ ነው፣ ተማሪዎቹን ከሚግ-21 ጋር መዋጋት ሲያለማምድ የጠላትን ቦታ ከሚያስይዛቸው አውሮፕላኖች አንዷ ኤፍ-5 ነበረች። ትንሽ ናት፤ ከሩቅ ዓይን አይዛትም፤ አኳኋኗም ለሚግ-21 ይቀርባል።

እኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ሚግ-21 እና ሚግ-17 ይዞ የመጣው እሱ ነው። የኛ አብራሪዎች ደግሞ አሜሪካ በሰጠችው ኤፍ-5 ተነሥተው ገጠሙት። ካሊፎርኒያ ላይ ለልምምድ ሚግ የምትሆነው አውሮፕላን ኦጋዴን ሰማይ ላይ እውነተኛ ሚጎችን ትጥል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፖለቲካው ተገለበጠ፤ ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ወደ እኛ ዞረች፤ የአየር ኃይላችን ሰፈር ደብረ ዘይትም ሚግ-21 እና ሚግ-23 ገቡ። በአሜሪካ አውሮፕላን ያደጉ አብራሪዎች በትናንቱ ጠላታቸው አውሮፕላን ላይ ወጡ። እንግዲህ «ሚግ» ሲባል የትኛውን ወገን እንደምንጠላ ራሳችን እስክንደናገር ድረስ ማለት ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ክፍል ሁለት እስኪመጣ ዓለም 36 ዓመት ጠበቀ። «ቶፕ ጋን፦ ማቭሪክ» መቀረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን መጀመሪያ ሊወጣ የታሰበው በ2019 ነበር። ወደ 2020 ተገፋ፤ ኮቪድ መጣ፤ ደግሞ ተገፋ፤ ደግሞ ተገፋ። በዚያ ጊዜ ሌሎች ስቱዲዮዎች ፊልማቸውን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ሲለቁ ቶም ክሩዝ አሻፈረኝ አለ። ይህ ፊልም በትልቅ ስክሪን ካልታየ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት 10 ቀን ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ የፈረንሳይ አየር ኃይል የትርኢት ቡድን ከተማዋ ላይ በረረ፤ ግንቦት 19 ቀን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ተከፈተ። ከአዳራሽ ሲወጡ የተጠየቁ ተመልካቾች የሰጡት ውጤት ኤ ፕላስ ሆነ። ገቢው ወደ 1.49 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በወረርሽኙ ሳቢያ ከሲኒማ ቤት የቀረው ሕዝብ ተመልሶ የገባው በዚህ ፊልም ነው ያሉም ብዙ ናቸው።

የኛዋ ሐዋሳስ? ሐዋሳ ትልቁን ስክሪን አልጠበቀችም። ቶም ክሩዝ ሁለት ዓመት ሙሉ የታገለለት ፊልም እኛ ጋ የደረሰው በፍላሽ ነው። ወጣቱ ከፊልም ቤት አስጭኖ፣ ወይ ከቴሌግራም አውርዶ፣ ግማሹ በስልኩ፣ ግማሹ ተሰብስቦ በአንድ ቴሌቪዥን አየው። በስልክ አየሁት ያለኝን ልጅ ለመገሠጽ ዳድቶኝ ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ከፊቴ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ ያየሁት ፊልም ብዛቱ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

እኔ ከሰፈር ሰዎች ጋር ነው ያየሁት። አንድ ጎረቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ክፍል አንድንም ክፍል ሁለትንም አከታትለን። ወጣቶች ይበዛሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የአየር ኃይል ጡረተኛ አሉ፣ በሥራ ዘመናቸው የጥገና ባለሙያ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ክፍል አንድ ላይ ጥቁሯ «ሚግ-28» ብቅ ስትል ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይቺማ የኛ ናት!»

«ጋሼ፣ የጠላት አውሮፕላን'ኮ ናት» አለ አንዱ ልጅ።

«ምን ጠላት ትለኛለህ፤ ሞተሯን በእጄ ፈትቼ የገጠምኳት ኤፍ-5 ናት!»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሳሎኑ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ለቶም ክሩዝ፣ ጋሼ ብቻቸውን ለጠላት። ጥቁሯ አውሮፕላን ስትመታ «አይ ጅሎች፣ እንዲህማ አትታጠፍም!» ብለው ተቆጡ። እውነቴን ነው፣ ከፊልሙ ይልቅ እሳቸውን ማየት ይጥም ነበር።

ክፍል ሁለት ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፤ እኔ ከመጀመሪያው አስበልጠዋለሁ። የመጀመሪያው ስለ ጉራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ማርጀት። ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ማቭሪክ እዚያው ማዕረጉ ላይ የቀረ፣ ጊዜ ያለፈበት አብራሪ ሆኗል፤ በክፍል አንድ የሞተው የባልደረባው የጉስ ልጅ ደግሞ አድጎ አብራሪ ሆኖ በቂም ያየዋል። የድሮ ተፎካካሪው አይስማን አድሚራል ሆኗል፤ ግን ታሟል፣ መናገር ይከብደዋል፤ የሚለውን በአብዛኛው በኮምፒውተር ይጽፍለታል። ተዋናዩ ቫል ኪልመር በእውነትም የጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ወስዶበት ስለነበር ያ ትዕይንት ትወና ብቻ አይደለም። ኪልመር በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አረፈ። ክፍል አንድን ያዘጋጀው ቶኒ ስኮትም ክፍል ሁለትን ሳያይ ነው የሞተው፤ ፊልሙ ለእሱ መታሰቢያ ተደርጓል። አሜሪካ ውስጥ ጎልማሶች በአይስማን ትዕይንት አለቀሱ ተብሎ ብዙ ተወርቷል። እኛ ሳሎን ውስጥ ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ክፍል አንድን ያዩት ገና ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ 36 ዓመት በሁለት ሰዓት አይናፈቅም።

ስልኩ ወደ ኪስ የተመለሰው በረራው ሲጀምር ነው። የተዋናዮቹ በረራ ማጭበርበር የለበትም። ተዋናዮቹ መጀመሪያ በሴስና፣ ቀጥሎ በትርኢት አውሮፕላን፣ ከዚያ በኤል-39 ከተለማመዱ በኋላ በኤፍ-18 የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ተቀረጹ፤ ፊት ወንበር ላይ የባሕር ኃይሉ እውነተኛ አብራሪዎች፣ ኮክፒቱ ውስጥ ስድስት ካሜራ። ቶም ክሩዝም ቢሆን ኤፍ-18ን ራሱ እንዲያበር አልተፈቀደለትም። በተራሮቹ መካከል ሲታጠፉ ጉንጫቸው ወደ ታች ሲጎተት የምታዩት እውነት ነው። ኤል-39 የምትለዋን ስም ጋሼ ሲሰሙ «እሷም ደብረ ዘይት አለች» አሉ። መቼም ለእሳቸው ሆሊውድ ማለት የደብረ ዘይት ቅርንጫፍ ነው። አውሮፕላን ጫኝ መርከቡ ላይ ጄቱ ሲያርፍ ደግሞ አንዷ ልጅ «አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ያየ አባ ኮዳ ይመስላል» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ በሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያችን ያ ትልቅ ወፍ እግሩን አስቀድሞ ዱብ ማለቱን ላስተዋለ ሰው ልክ ብላለች።

ከዚያ ማቭሪክ ተመታ። የባልደረባውን ልጅ ለማዳን ሚሳይሉን በራሱ ላይ ሳበና አውሮፕላኑ ፈነዳ። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ወዲያው አንዱ ልጅ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ የምናውቀውን ሕግ ጠቀሰ፦

«አክተሩ አይሞትም!»

እውነትም አልሞተም። በፓራሹት ወርዶ፣ በረዶ ላይ ተሯሩጦ፣ ከጠላት ሰፈር አሮጌ ኤፍ-14 ሰርቆ በዚያው ቀን መርከቡ ላይ ይመለሳል። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ግን አላጨበጨቡም። «ለገሠስ?» አሉ።

ጄኔራል ለገሠ ተፈራን ማለታቸው ነበር። ከኦጋዴን ጦርነት ስመ ጥር የኤፍ-5 አብራሪዎች አንዱ ናቸው፤ በአየር ላይ ውጊያ የሶማሊያን ሚጎች ጥለዋል። በዚያው ክረምት አውሮፕላናቸው ተመትታ በፓራሹት ወረዱና ተማረኩ። አሮጌ ጄት ሰርቆ መመለስ አልነበረም፤ የሶማሊያ እስር ቤት ነበር፣ ወደ 11 ዓመት ገደማ። የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ከተስማሙ በኋላ ነው። አስቡት እንግዲህ፦ በ1978 ዓ.ም. የዓለም ሕዝብ ጥቁር የተቀባችው ኤፍ-5 ስትመታ ሲያጨበጭብ፣ በዚያች አውሮፕላን እውነተኛ ሚግ የጣሉት ሰው ሶማሊያ ውስጥ ታስረው ነበር። የላቀውን የጀግና ሜዳይ አግኝተዋል። ተመልሰዋል።

ሁሉም አልተመለሰም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ጊዜ ኤርትራ ላይ ተመትተው ተማረኩ፤ ዓመታት ታስረው በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ ተፈቱ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ እንደገና በረሩ፤ አሥመራ ላይ እንደገና ተመትተው እንደገና ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ አገራቸው አላየቻቸውም። ድርሰት ቢሆን ኖሮ አዘጋጁ «ይህን ማን ያምናል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ?» ብሎ ይመልሰው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሆሊውድ ለክፍል ሁለት 36 ዓመት ሲያስብ የኛ አብራሪ ክፍል ሁለቱን በሥጋው መኖሩ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ወጉ ግማሽ ይሆንብኛል። የጄት ድምፅ ለሁሉም ሰው ትርኢት አይደለም። በዚያው ለገሠ በተፈቱበት ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የመንግሥት ተዋጊ አውሮፕላኖች ገበያተኛውን ደበደቡ። ሐዋሳ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ያ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ አንዱ «ጨምረው!» ሲል ሌላው ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቤት አለ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ፊልም ሲያይ ሰማዩን የፈራ ተመልካች ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ከተማቸውን ጄት ደብድቦት አያውቅምና ብዙ አይመስለኝም።

ምናልባት ለዚህ ይሆናል የኛ ተመልካች ከሁሉ በፊት «ጠላቱ ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው። ፊልሙ አይመልስም። የጠላት አብራሪዎች ፊታቸው በጭንብል የተሸፈነ ነው፤ አገሩ ስም የለውም፤ የሚመታው የዩራኒየም ማበልጸጊያ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «ኢራን ናት» አለ፤ ምክንያቱም ከአሜሪካ ውጭ ኤፍ-14 የገዛች አገር ኢራን ብቻ ናት። ሌላው በረዶውንና አዲሶቹን ጄቶች አይቶ «ሩሲያ ናት እንጂ» አለ። አባ ኮዳዋን ያመጣችው ልጅ ግን ሁለቱንም ዘጋቻቸው፦ «ስሙን ቢጠሩትማ ፊልሙ እዚያ አገር አይሸጥም!»

ልጅቷ ሳታውቀው ከዋናው ጉዳይ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2019 የፊልሙ ማስታወቂያ ሲለቀቅ የማቭሪክ ጃኬት ጀርባ ላይ በክፍል አንድ የነበሩት የታይዋንና የጃፓን ባንዲራዎች በሌላ ምልክት ተተክተው ታዩ። በፊልሙ ላይ ገንዘብ ሊያወጣ የነበረው ቴንሰንት የተባለው የቻይና ኩባንያ ነውና ብዙዎች ለቻይና ገበያ ሲባል ነው አሉ። ኩባንያው ወጣ፤ ፊልሙ በ2022 ሲወጣ ባንዲራዎቹ ተመልሰው ነበር። ታይዋን ውስጥ ያ ጃኬት ስክሪኑ ላይ ሲታይ አዳራሹ እንዳጨበጨበ ተዘግቧል። አያችሁ፣ ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም። የታይዋን ሰው ለጃኬት፣ ጋሼ ለኤፍ-5፤ ሁሉም ከፊልሙ ውስጥ የራሱን ዕቃ ፈልጎ ነው የሚያጨበጭበው።

አሁን ደግሞ ክፍል ሦስት ታስቧል እየተባለ ነው። በዚያኛውስ ጠላቱ ስም ይኖረው ይሆን ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ 1.49 ቢሊዮን ዶላር የቀመሰ ሰው ስም የሚጠራ አይመስለኝም።