የምሳ ሰዓት የማን ነው?

ለሠራተኞች ስብሰባ የተደረገ ንግግር




ስለ ደመወዝና ስለ መደራጀት መብት ያለንን አቋም በማኒፌስቷችን ሌሎች ክፍሎች አስፍረናል። ዛሬ የምናነሳው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ የምሳ ሰዓት።

በየስብሰባው ከእናንተ ደጋግመን የሰማነው አቤቱታ ይህ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል፤ ማሽኑ ይቆማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደመወዝ አይታሰብም። የግቢው በር ግን እንደተዘጋ ነው። «በምሳ ሰዓት መውጣት ክልክል ነው» ይባላል። የምታጠባ እናት ቤቷ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሳለ ልጇን ሳታይ ትውላለች። ሙስሊሙ ወንድማችን ዓርብ ዓርብ አዛኑን እየሰማ የጁምዓ ሶላት ያመልጠዋል። የግቢውን ምግብ ቤት ዋጋ የማይችለው ሠራተኛ ከበሩ ውጭ በርካሽ መብላት ሲችል ጦሙን ይውላል።

እስቲ እናስላው። በቀን 1 ሰዓት፣ በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ 26 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት ሲካፈል ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ይሆናል። ሠራተኛው በየወሩ ይህን ያህል ጊዜ በአሠሪው አጥር ውስጥ ያለ ክፍያ ይቆያል ማለት ነው።

አሠሪዎች ምክንያት አላቸው። «ወጥተው ይዘገያሉ፤ ንብረትም ይወጣል» ይላሉ። የዘገየን በሰዓት መቆጣጠሪያ መለየት፣ ንብረትንም ክብር በጠበቀ ፍተሻ መጠበቅ ይቻላል። ጥቂቶች ሊያጠፉ ይችላሉ ተብሎ ሁሉም አይታሰርም። በር መቆለፍ የሚያስከትለውን አደጋም ዓለም አይቶታል። በ1911 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በአንድ የልብስ ፋብሪካ እሳት ሲነሳ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ስለነበር ብዙዎች መውጣት አልቻሉም፤ 146 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሠራተኛን የዕረፍት መብት አረጋግጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። የሥራ ሰዓት የሚባለውም ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጭምር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1930 እ.ኤ.አ. ያወጣው 30ኛው ስምምነትም ለንግድና ለቢሮ ሠራተኞች ይህንኑ መለኪያ አስቀምጧል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሆነው ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ያልሆነበት ዕረፍት ነው።

ስለዚህ የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ሰዓቱ የሠራተኛው ከሆነ በሩ ይከፈት፤ በሩ የሚዘጋ ከሆነ ሰዓቱ ይከፈል!

ብትመርጡን የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን፦

አንደኛ፣ ደመወዝ በማይከፈልበት የምሳ ሰዓት ሠራተኛው ወደ ፈለገበት የመሄድ መብቱ በሕግ በግልጽ እንዲደነገግ እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ለደኅንነት ሲባል መውጣት የማይቻልበት ሥራ ካለ ሰዓቱ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈል እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ የሥራ ተቆጣጣሪዎች የሥራ ደንቦችን ሲመረምሩ ይህን እንዲያጣሩ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫዎችም በማናቸውም ሰዓት እንዳይቆለፉ እንዲከታተሉ እናደርጋለን።

እስከዚያው ድረስ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ጊዜ አደላደል በኅብረት ስምምነት ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው። በማኅበራችሁ በኩል ለድርድር አቅርቡት።

ሕዝባችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። የምሳ ሰዓታችሁ አጥር ሲነቀነቅ የተናቃችሁት እናንተ ናችሁ። በድምፃችሁ አስከብሩት!