በሥራ ሰዓት ብቅ የሚለው «አፕዴት»
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



የቁጠባና የብድር መዝገባችን ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ገንዘብ ያዣችን ሒሳብ ልትመዘግብ በተቀመጠች ቁጥር በስክሪኑ ጥግ «አፕዴት አድርጊ» የሚል መልእክት ይመጣል። «ጨርሶ ለምን አናጠፋውም?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ከማን እንደመጣ እንየው ነው።

ከዊንዶውስ ራሱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ ማስከፈቻ ገንዘብ ጠይቋል፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ የሕመምተኞች ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ግን ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጋቢት ነበር። የእኛም መዝገብ ቢቆለፍ ማን ምን ያህል እንደቆጠበች በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ይህኛውን ቀጠሮ እንሰጠዋለን እንጂ አናጠፋውም። ሴቲንግ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለው ጋ ገብቶ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ይቻላል። «አክቲቭ አወርስ» በሚለው ቦታ የሥራ ሰዓታችንን ብንሞላ ደግሞ በዚያ ሰዓት በራሱ ጠፍቶ አይነሣም። ኢንተርኔት ከስልክ ስንወስድ ያንን ዋይፋይ «ሜተርድ» ብለን እንመዝግበው፤ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ማውረድ ያቆማል። ፓኬጃችሁ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅባችሁ ይህን ልብ በሉ።

ኢንተርኔት ስንከፍት «ቫይረስ ገብቷል፣ አሁኑኑ ይህን ጫኚ» እያለ የሚጮኸው ሌላ ነው። አንድ ድረ ገጽ «አላው» ማለትም ፍቀድ የሚለውን አስነክቶ ያገኘው በር ነው። እርሱን ያለ ርኅራኄ አጥፉት፦ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ኖቲፊኬሽን» ከሚለው ዝርዝር የማታውቁትን ድረ ገጽ ሁሉ ሰርዙ። ከእንዲህ ያለ መልእክት ላይ ምንም አትጫኑ።

አንድ ነገር ለለጋሾቻችንም ልናገር። የቢሮአችን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነው፤ የዚህ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዝም ካለ ተገላገልን አንበል፤ ዝምታው ነው የሚያሳስበኝ። ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የሚችለው ሁሉም አሮጌ ኮምፒውተር ስላልሆነ የእኛው ይችል እንደሆነ በዚህ ወር ይታያል።

እስከዚያው፣ ከየስብሰባው ማግስት ጠዋት፣ መብራት መኖሩ ታይቶ፣ መዝገቡ መጀመሪያ በፍላሽ ይገለበጣል፤ ያለው አፕዴት የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ፍላሹ ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ጸሐፊዋ ዘንድ ይሆናል።