የቤተ ክርስቲያን መልክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የጂንካ ተማሪዎች «የካቶሊክ ቁምስና ሕንፃ ውበት በምን ይመዘናል?» ብለን ተከራክረን ነበር። አንዳንዶቻችን በ1923 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የአሥመራ ካቴድራል በፎቶግራፍ አይተን፣ «ረጅም የደወል ግንብና ቀይ ጡብ የሌለው ሁሉ አስቀያሚ ነው» አልን። ነገር ግን ያ መልክ ከጣሊያን አገር ከሎምባርዲያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ፣ ቤተ ክርስቲያን የራሴ የምትለው አንድ የጥበብ ስልት እንደሌላት አስታውቋል። እንግዲህ የአሪ ወይም የሐመር ሰው ክብ የሣር ቤቱን አስቦ ቢሠራ ነውር የለበትም። የአገራችንም ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሥርዓት የተከፈለ ነው።

ታዲያ አስቀያሚው የቱ ነው? ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ጮኾ የካህኑን ቃል የሚውጥ፣ በኦሞ ቆላም ፀሐይ ሲበረታ ሕዝቡን እንደ ምጣድ የሚያግል ነው። ከሩቅ ቢያምርም፣ እናቶቻችን ተቀምጠው ሊሰሙበት ካልቻሉ ምን ይረባል?

ክርክሩን ስንጀምር ያፈርነው በቤቶቻችን ነበር፤ ስንጨርስ ግን ባለማወቃችን አፈርን። ነገ መሐንዲስ የምንሆን ሁሉ፣ ፕላን ከማንሣታችን በፊት የአገሩን ዝናብ፣ ፀሐይና ሰው እንጠይቅ።