ብሪክስ ገባን፤ ከዚያስ?



ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት። ያን ሰሞን ፌስቡኩ ሁሉ በባንዲራ አሸብርቆ ነበር። ደስ ይላል፣ ይገባናልም። ግን ይሄ መድረክ እንዴት እንደሚሠራ ሳናውቅ ብንጨፍር፣ ነገ «ምን አገኛችሁ?» ስንባል መልስ እናጣለን።

ብሪክስ መተዳደሪያ ቻርተር የለውም፤ ቋሚ ጽሕፈት ቤትም የለውም። ሊቀመንበርነቱ በየዓመቱ በተራ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሩሲያ፣ በ2025 ብራዚል መርተውታል። የዓመቱን አጀንዳ የሚቀርጸው በዋናነት ተረኛው ሀገር ነው። መሪዎቹ ተሰልፈው ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት «ሸርፓ» የሚባሉ ተደራዳሪዎች በመግለጫው ቃላት ላይ ሲከራከሩ ይከርማሉ። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ውሳኔ የሚያልፈው ሁሉም ሲስማማ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አይኤምኤፍ ውስጥ ድምፅ የሚለካው በመዋጮ ነው፤ ትልልቆቹ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ፣ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታስቆማቸው ትችላለች። ብሪክስ ውስጥ የእኛም «አይሆንም» ይቆጠራል።

ግን ልብ በሉ! የብሪክስ መግለጫ ማንንም በሕግ አያስገድድም። ገንዘቡ ያለውም ሌላ ቤት ነው፤ ሻንጋይ ባለው አዲሱ የልማት ባንክ። ብሪክስ የገባ ሁሉ የባንኩ አባል አይሆንም። ባንግላዲሽ ደግሞ የብሪክስ አባል ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ባንኩን ተቀላቅላለች። በእኛ አነጋገር ብሪክስ የጎረቤት ቡና ነው፣ ባንኩ ዕቁብ ነው። ቡና ስለጠጣህ ብቻ ዕቁብ አይወጣልህም፤ መጣል አለብህ። አምስቱ መሥራቾች እያንዳንዳቸው እኩል የ10 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ፈርመዋል፤ ድምፅም እንደ አክሲዮኑ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ጉባኤ ሲደርስ ማን ከማን ጎን ቆመ እያልን ፎቶ አንቁጠር። እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ተደራዳሪዎቻችን ምን ሐሳብ ይዘው ሄዱ? ቡናችንን ቆልተንና አሽገን የምንሸጥበትን ገበያ ጠየቁ ወይ? ዲግሪያችንን ይዘን ቤት ለተቀመጥነው ሥራ የሚከፍት ፕሮጀክት አቀረቡ ወይ?

ሀገሩን የሚወድ ያጨበጭባል፣ ይጠይቃልም። ወንበሩን አግኝተናል፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ የምናስቀምጠው ነገር ይኑረን።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!