የከሰል ጭስና የዘረመል መናጋት



በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ፣ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም በአሲድነት የተጎዳ በመሆኑ፣ እህል እየነፈገው የተቸገረው ገበሬ ካለፉት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ አካሺያ ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራልያ ዛፍ በማሳው ላይ መትከልን ልማድ አደረገ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ይከስላል፤ ከሰሉም በጆንያ ተሞልቶ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት የፈንገስ በሽታ ዛፉን ክፉኛ ቢያጠቃው፣ ይህ ሥራ ለብዙ ቤተ ሰብ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ከሰል አክሳዩን «ሥራህን ተው» ብሎ ማሰናበት ለሐኪም የሚገባ ምክር አይደለም። የሚገባው፣ ጭሱ በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ዐውቆ ጉዳቱ የሚቀንስበትን መንገድ ማሳየት ነው።

ከሰል የሚገኘው እንጨት አየር ተነፍጎት ሲነድ ነው። የተከመረው ግንድ በሣርና በአፈር ይለበጣል፤ እሳቱ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ክምሩ እንዳይሸነቆር ሌትና ቀን ይጠብቃል፣ የተከፈተውንም ይደፍናል። አየር ያነሰው ቃጠሎ ሙሉ ስላልሆነ ከጭሱ ጋር ቤንዞፓይሪንና የመሳሰሉት ኬሚካሎች ይወጣሉ። የከተማው ሰው በማንደጃው ጭስ የሌለው እሳት የሚያገኘው፣ ጭሱን ሌላው ሰው በማሳው ላይ ስለ ተነፈሰለት ነው።

የጭስና የካንሰር ዝምድና የታወቀው የበሽተኛን ሥራ በጠየቀ ሐኪም ነው። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የቆለጥ ከረጢት ካንሰር ከጥላሸት ጋር አያይዞ ጻፈ። በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን የጥንቸል ጆሮ በድንጋይ ከሰል ሬንጅ ደጋግመው በመቀባት ካንሰር አስከተሉ። በ1930ዎቹም የእንግሊዝ ኬሚስቶች ከዚሁ ሬንጅ ቤንዞፓይሪንን ለይተው አወጡ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ቤንዞፓይሪንን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተራ መድቦታል፤ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስንም ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ወገን አኑሮታል።

የሰው ዘረመል በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በ46 ክሮሞዞሞች ተከፍሎ የተቀመጠ፣ ስድስት ቢሊዮን ያህል ጥንድ ፊደላት ያሉት ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ጭስ ባይነካውም በራሱ ይጎዳል፤ ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል እንዳሳየው በአንድ ሕዋስ ውስጥ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ ፊደላት ከቦታቸው ይወድቃሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ጤነኛ የሚሆነው ሕዋሱ የራሱ ጠጋኞች ስላሉት ነው። ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር የእነዚህን ጠጋኞች አሠራር በመግለጣቸው በ2015 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ቤንዞፓይሪን ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ባዕድ ነገርን አሟሙተው ለማስወጣት የቆሙት ኢንዛይሞች ይለውጡታል፤ በለውጡም መካከል ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር አጥብቆ የሚጣበቅ ነገር ይፈጠራል። የሚጣበቀውም በተለይ ጉዋኒን በተባለው ፊደል ላይ ነው። ጠጋኞቹ ቶሎ ከደረሱ የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጠው በአዲስ ይተካሉ። ሕዋሱ ከዚያ በፊት ከተከፈለ ግን በጉዋኒን ቦታ ቲሚን ገብቶ ስሕተቱ ለልጅ ሕዋሳት ይተላለፋል።

አንድ ስሕተት ብቻውን ካንሰር አያደርግም። አደጋው የሚከፋው ስሕተቱ ጽሑፉን ከሚጠብቁት ዘረመሎች በአንዱ ላይ ሲያርፍ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ፒ-53 ነው። ጉዳት ሲደርስ የሕዋሱን መከፈል ያስቆማል፤ ጉዳቱ ከጥገና በላይ ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በ1996 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቤንዞፓይሪን በዚህ ዘረመል ላይ አዘውትሮ የሚጣበቅባቸው ቦታዎች በሳንባ ካንሰር ውስጥ ተለውጠው ከሚገኙት ዋና ዋና ቦታዎች ጋር አንድ ናቸው። ዘበኛው ከወደቀ በኋላ የተጎዳው ሕዋስ ያለ ከልካይ ይከፈላል፤ ክሮሞዞሞች ይሰበራሉ፣ ይጎድላሉ፣ ይበዛሉ፤ ስሕተትም በስሕተት ላይ ይደረባል። የዘረመል መናጋት የሚባለው ይህ ነው።

የጥገናው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ዜሮደርማ ፒግሜንቶዙም የተባለው የውርስ በሽታ ይመሰክራል። ጀምስ ክሊቨር በ1968 እንዳሳየው የበሽተኞቹ ሕዋሳት በአልትራቫዮሌት ጨረር የተጎዳውን ዲ.ኤን.ኤ. መጠገን ይሳናቸዋል፤ ስለዚህ ቆዳቸው ገና በልጅነት በካንሰር ይያዛል። የጭሱንም ጉዳት የሚያስወግደው ይኸው የጥገና መንገድ ነው።

ዘበኛውን የሚጥለው ጭስ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ከፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ የቫይረሱ ፕሮቲን ፒ-53ን ያስፈርሰዋል። ለዚህኛው ክትባት አለ፤ በኢትዮጵያም ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። ለጭሱ ግን ክትባት የለውም፤ መከላከያው ርቀትና ንጹሕ አየር ነው።

የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የአዊ በሽተኛ ለዚህ ሕክምና የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወረፋ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ ሁሉ ድካም በፊት የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአዲስ ቅዳምና በአካባቢዋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሳል የጸናበትን ሰው ሲመረምር፣ ትምባሆ ያጨስ እንደ ሆነ በሚጠይቅበት አፍ ከሰል ያከስል እንደ ሆነና ስንት ዓመት እንዳከሰለ ይጠይቀው፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ይጻፈው። ክምር ጠባቂው ነፋሱን ከኋላው አድርጎ እንዲቆም፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከጭሱ እንዲርቁ፣ ማድቤቱ ጭስ መውጫ እንዲኖረው ይምከር። የእርሻና የደን ባለሙያዎችም የጭስ ማውጫ የተበጀለትን የተሻለ የከሰል ምድጃ ለገበሬው ማስተማራቸው የጤና ሥራ መሆኑን ይወቁት። የሕዋስ ጠጋኞች ብርቱዎች ናቸው፤ የሚሸነፉት ጉዳቱ ከጥገናው ሲፈጥን ነው። ጭሱን መቀነስ ማለት ለእነርሱ ጊዜ መስጠት ማለት ነው።