ደረቁ የጥር ሳምንትና የሙቀቱ መጨመር
(ለወረዳ ሹማምንትና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የጥር ወር ከተጋመሰ በኋላ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑም ከዕለት ወደ ዕለት እየሞቀ ይሄዳል። ሳምንቱ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሳምንት ሲገጥም ከወረዳ ወደ በላይ የሚላከው ሪፖርት ከሁለት ስሕተት በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው ወቅቱን ሳያመዛዝን «ድርቅ ገባ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «በጋ ነውና የሚያሳስብ ነገር የለም» ብሎ መዝጋት ነው። ሁለቱም ለሕዝቡ አይበጁም።

የሳምንቱ ድርቀት ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት ከሳይቤሪያና ከዐረቢያ በኩል የሚመጣው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ላይ ይነፍሳል። ነፋሱ እርጥበት ስለሚያንሰው ደመና እምብዛም አይኖርም፤ ደመና በሌለበትም ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ታወጣለች። በደጋ ውርጭ የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ወደ ሰሜን ተመልሳ በመጋቢት አጋማሽ ግድም ከምድር ወገብ ትደርሳለች። ስለዚህ በጥር መጨረሻ ቀኑ እየሞቀ መሄዱ የወቅቱ ጠባይ ነው፤ ብቻውን የመቅሠፍት ምልክት ሊባል አይችልም።

ይሁን እንጂ ያው አንድ ሳምንት በየስፍራው የተለያየ ትርጉም አለው። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው ዓይኑን የሚጥለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የበልግ ዝናብ ላይ ነው። ዝናቡ ለበልግ አምራቹ የእህሉ መገኛ ሲሆን፣ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ማሽላና በቆሎ በጊዜው ለመዝራት የሚያስችለው እርጥበት ነው። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ግን ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛውም በጥቅምትና በኅዳር ነው። የኅዳሩ ዝናብ ከቀረ፣ የጥሩ ደረቅ ሳምንት ለአርብቶ አደሩ ውኃና ግጦሽ አስቀድሞ በተሟጠጠበት ላይ የሚደርስ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል።

የዘገየ ንባብ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያስታውሳል። በ1976 ዓ.ም. በልጉ በወሎና በአጎራባች አካባቢዎች ከዳ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት በመጋቢት ለለጋሾች ጥሪ ቢያሰማም፣ የዓለም ሕዝብ ዓይን የተከፈተው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ ያለፉት ሰባት ወራት በእህል የሚመለሱ አልነበሩም። ከዚያም በኋላ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑና ከመካከሉ የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ተደረገ። ውርጭ የለመደው የደጋ ሰው በረሃብ ከተዳከመ በኋላ የቆላ ሙቀትና ወባ ገጠመው፤ ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ሰፈራውን ጥለው ተመለሱ። ምልክቱ በጊዜው ካልተሠራበት፣ በኋላ የሚቀረው ምርጫ ጠባብና መራራ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ከሳምንትና ከወቅት በላይ የሆነ የሙቀት ለውጥ አለ። ከ1951 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው እንደሚያሳየው፣ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። የአንድ ሳምንት ልኬት ይህን አያረጋግጥም፤ አያፈርስምም። ነገር ግን ምድሩ ሲሞቅ ከኩሬው የሚተነው ውኃ ይበዛል፤ ቀድሞ እስከ መጋቢት ይቆይ የነበረ ኩሬ በየካቲት ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በድሮው ልማድ ብቻ የተቆጠረ የውኃ ቀን ሊያሳስት ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከየወረዳው የሚጠበቀው ሪፖርት «ሞቋል» ወይም «ደርቋል» በሚል ቃል የሚያበቃ መሆን የለበትም። የሳምንቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብ። ኩሬውና ጉድጓዱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚጓዙ ይጻፍ። አንድ ፍየል በገበያ ስንት ኪሎ እህል እንደሚያስገኝ ይታወቅ፤ እንስሳው እየረከሰ እህሉ ከተወደደ፣ ችግሩ ሰዎች ከመሰደዳቸው በፊት በገበያው ላይ ይታያል። ለበልግ የሚሆን ዘርም ከገበሬው ጎተራ መኖሩ ወይም መበላቱ ይጠየቅ፤ ዘሩን የበላ ቤተሰብ ዝናቡ ቢመጣም አይዘራምና።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤ ከጥር መጨረሻ እስከ የበልጉ መግቢያ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በልጉ መልካም ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት የተቆጠረው ውኃና የተዘጋጀው ዘር ለገበሬው ብርታት ይሆነዋል፤ ከቀረም እህሉና ውኃው ሰዎች ቀያቸውን ሳይለቁ እንዲደርስ ያደርጋል።